ከሱሉልታ እስከ ሰንዳፋ፦ ታዳጊ ሯጮችን ለጉዳት የሚዳርጉ ስህተቶች

ማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ሰንዳፋ የሚወጣ ሰው በአስፋልቱ ዳርና በባሕር ዛፉ መካከል ተከታትለው የሚሮጡ ቡድኖችን ያያል፤ ከእነርሱም ውስጥ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚለማመዱ ልጆች አይጠፉም። በእነዚህ ልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው በአንድ ቀን ውድቀት የሚመጣ ሳይሆን ለሳምንታት ሲጠራቀም ቆይቶ የሚገለጥ ነው። የሚጠራቀመውም አሰልጣኝ፣ ወላጅና ልጁ ራሱ ውጤቱን ለማየት ስለሚቸኩሉ ነው።

ታዳጊውን ከአዋቂዎች ጋር እኩል ማስሮጥ

ከሁሉም ስህተት የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። የ14 ዓመት ልጅ በ25 ዓመት ሯጭ ኋላ ተሰልፎ ኢንተርቫሉን፣ ማለትም ፈጣን ሩጫና አጭር ዕረፍት የሚፈራረቁበትን ልምምድ፣ አብሮ ሲጨርስ የሚያየው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ልቡና ሳንባው ችለውት ሊሆን ይችላል፣ አጥንቱ ግን ገና ተሠርቶ አላለቀም። የልጅ ረጃጅም አጥንቶች ጫፋቸው አካባቢ ከልም አጥንት የተሠራ የማደጊያ ሥፍራ ያላቸው ሲሆን፣ ይህ ሥፍራ በሴቶች በአብዛኛው ከ14 እስከ 15፣ በወንዶች ከ16 እስከ 17 ዓመት ገደማ እስኪዘጋ ድረስ ከዙሪያው ካለው አጥንትና ጅማት ይልቅ በቀላሉ የሚጎዳ ነው። ቁመት በፍጥነት በሚጨምርበት ጊዜ፣ ይኸውም በሴቶች በ12፣ በወንዶች በ14 ዓመት አካባቢ፣ አጥንቱ ቀድሞ ስለሚረዝም ጡንቻው ይወጠርና ከአጥንት ጋር የተያያዘበትን ቦታ ያለማቋረጥ ይጎትተዋል። ከጉልበት ሎሚ በታች አበጥ ብሎ ሲነኩት የሚያመው፣ ሐኪሞች ኦስጉድ ሽላተር የሚሉት ሕመም ከዚህ የሚመጣ ነው፤ ከልምምድ በኋላ ተረከዝን ይዞ የሚያስነክሰውም እንዲሁ። ሁለቱም ልምምድን በመቀነስ የሚድኑ ናቸው፤ ነገር ግን «ሰነፈ» ተብሎ የተገሠጸ ልጅ ሕመሙን ደብቆ ይሮጣል።

ወላጅ የልጁን ቁመት በየሦስት ወሩ ግድግዳ ላይ ምልክት እያደረገ ቢለካ፣ ቁመቱ በተመዘዘበት ወቅት ዳገቱ፣ ዝላዩና ፍጥነቱ እንዲቀነስለት አሰልጣኙን ለመጠየቅ የሚያስችል ማስረጃ ይኖረዋል። ዕድሜን ጠይቆ በቡድን መመደብ ብቻውን በቂ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የሚጻፈው ዕድሜ ከአካሉ ጋር የማይገናኝበት አጋጣሚ እንዳለ በስፖርቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ምልመላ ሲቃረብ ልምምድን መደራረብ

የክለብ ወይም የታዳጊ ፕሮጀክት ምልመላ መኖሩ ሲሰማ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጥ የነበረው ልጅ በአንድ ጊዜ ጠዋትና ማታ ወደ መሮጥ ይሸጋገራል። አጥንት ለአዲስ ጫና የሚጠነክረው በሳምንታትና በወራት እንጂ በቀናት ስላልሆነ፣ የዚህ ዓይነቱ ዝላይ የቅልጥም ሕመምን፣ ከዚያም አልፎ የአጥንት ስንጥቅን ያስከትላል። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት መለኪያ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን ይኑር። ከቆላ ወይም ከወይና ደጋ አዲስ የመጣ ልጅ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሱሉልታ፣ ይልቁንም ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በእንጦጦ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዝግታ ሊሮጥ ይገባል። አስፋልቱን ለጥቂት ቀን ብቻ መመደብና የቀረውን በጫካ መንገድና በሣር ሜዳ መሮጥ ለቅልጥም ይበጃል።

በባዶ ሆድ መለማመድ

ከክፍለ ሀገር መጥተው ቤት በጋራ ተከራይተው የሚኖሩ ታዳጊዎች ራሳቸው አብስለው ስለሚበሉ፣ ልምምዱ ሲበረታ ምግቡ ባለበት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ለልምምድ የሚወጣው ኃይል ከሚበላው ሲበልጥ ሰውነት ከእድገት፣ ከአጥንትና ከሆርሞን ላይ መቆጠብ ይጀምራል፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ የጤና እክል አድርገው አቅርበውታል። በሴት ልጅ ላይ ዋናው ምልክት የወር አበባ መቋረጥ ነው። «ሯጭ ሆና ነው» ተብሎ የሚታለፈው ይህ ነገር ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ ወይም እስከ 15 ዓመቷ ጨርሶ ካልጀመረ፣ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ አጥንቷ በዝምታ እየሳሳ ሊሆን ይችላልና። በጉዳዩ ላይ ከወንድ አሰልጣኝ ጋር መነጋገር ለብዙ ልጃገረዶች ስለሚከብድ፣ እናት፣ እህት ወይም ሴት አሰልጣኝ ቀድማ ብትጠይቃት ይሻላል።

ጾም ራሱ ጠላት አይደለም። ልጁ ከጾመ ከባዱ ልምምድ መብሊያው ሰዓት አጠገብ ቢደረግ፣ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ቢበረክት፣ ከልምምድ በኋላም በሶ ወይም ቆሎ ቢገኝ ብዙ ይረዳል። ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም በደንብ እንዲገባ ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ መጨመር፣ ሻይና ቡናውን ግን ከገበታው አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ያስፈልጋል።

ጉዳትን በእሽትና በመርፌ መሸፈን

ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ በዚያው ቀን ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በኃይል ሲታሽ ማየት የተለመደ ነው። ልምድ ያላቸው፣ ሊነኩት የማይገባውን ለይተው ወደ ሐኪም የሚልኩ ወጌሾች መኖራቸው አይካድም፤ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ብርቱ እሽትና ሙቀት እብጠቱን ያባብሳሉ። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ እያደረጉ፣ በፋሻ ለስለስ አድርጎ ማሰርና እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ማድረግ ይበቃል። አራት ርምጃ መራመድ ካቃተው ግን ራጅ ያስፈልገዋል።

ስብራት ሲሆን አደጋው ሌላ ነው። በቀርቀሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሰር የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅና እግርን እስከ መቆረጥ ያደረሰበትን ሁኔታ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው መዝግበዋል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ፣ ወይም ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ተፈትቶ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ከውድድር በፊት የሚወጋው ወይም የሚዋጠው የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ሕመሙን እንጂ ጉዳቱን አያጠፋም፤ ልጁ በተሰነጠቀ አጥንት ላይ እንዲሮጥ ያደርገዋል፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ቀለል ያሉ የሚመስሉ

በብርድ ማለዳ እንደደረሱ ቆሞ ጡንቻ ማሳሳብ ማሟሟቅ አይደለም፤ 10 ደቂቃ ያህል ዘና ብሎ መሮጥ፣ ከዚያም ጉልበት እያነሱ መንቀሳቀስና በአንድ እግር መቆም ይቅደም፣ የቆመው ማሳሳብ መጨረሻ ላይ ይሁን። ያረጀ ጫማን በተመለከተ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ ሁልጊዜ ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማሸነፉን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። ከሳልቫጅ ሲገዛ ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ ከኋላ ማየት ይጠቅማል፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልል። እንቅልፍም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሊሆን ስለሚገባ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት ይኖርበታል።

ሕመሙ ስለጠፋ ወዲያው መመለስ

ዕረፍት ላይ የቆየ ታዳጊ በመጀመሪያው ቀን ጓደኞቹ የደረሱበት ላይ ለመድረስ ይሮጣል፤ ጉዳቱም በዚያው ቦታ ይመለሳል። በቅድሚያ ሳያነክስ ለ30 ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ ደጋግሞ መዝለል መቻሉ ይረጋገጥ። ሩጫው ሲጀመር አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ እየተራመደ፣ ቀን እየዘለለ፣ በሜዳ ላይ ይሁን። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ቦታው ካመመው፣ የቀጣዩ ቀን መጠን ሕመም ወዳልነበረበት ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ዳገቱና ኢንተርቫሉ የሚጨመሩት ዝግ ያለውን ሩጫ ለሁለት ሳምንት ያለ ሕመም ከሮጠ በኋላ ነው።