ሊፖዞማል ዶክሶሩቢሲን፦ ከብልቃጡ እስከ ታካሚው ክንድ

ተራው ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ጣጣው ልብ ላይ ነው። በየዙሩ የተሰጠው መጠን ድምሩ በካሬ ሜትር የሰውነት ገጽ ስፋት ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ሲደርስ የልብ ድካም ስጋቱ ስለሚንር፣ ካንሰሩ ገና ለመድኃኒቱ ምላሽ እየሰጠ ሳለ ማቆም ግድ ይሆናል። ኢየሩሳሌም ውስጥ ተመራማሪዎቹ ባሬንሆልዝና ጋቢዞን የደከሙበት ሊፖዞማል ዶክሶሩቢሲን፣ በንግድ ስሙ ዶክሲል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ከ80 እስከ 100 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የስብ ከረጢት (ሊፖዞም) ተቆልፎ ይጓዛል። የልብ ደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ስለሆነ ከረጢቱን አያሳልፍም፤ ቀዳዳ የበዛበት የዕጢ ደም ሥር ግን ያሳልፈዋል። ከረጢቱ መንገድ ላይ ከፈረሰ ግን ትርፉ ሁሉ ቀረ።

መጀመሪያ ብልቃጡን ሁለት ጊዜ አንብቡ። «ዶክሶሩቢሲን» ብቻ አይበቃም፤ «ሊፖዞማል» የሚል መኖር አለበት። ተራው ጥርት ያለ ቀይ ነው፣ ይኼኛው ደፍረስ ያለ ቀይ። ሁለቱ በሚሊግራም አይተካኩም፤ ማቀያየር ሰው ይገድላል።

ለኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር በካሬ ሜትር 50 ሚሊግራም በየ4 ሳምንቱ፣ ካፖሲ ሳርኮማ ለሚባለው ባብዛኛው ቆዳ ላይ ለሚታይ ካንሰር 20 ሚሊግራም በየ3 ሳምንቱ ይሰጣል። የጉበትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ቢሊሩቢን፣ በዴሲሊትር 1.2 ሚሊግራም እና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል። የ1.6 ካሬ ሜትር የኦቫሪ ታካሚ 80 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፤ ብልቃጡ በሚሊሊትር 2 ሚሊግራም ስለሚይዝ 40 ሚሊሊትር ይቀዳል። እስከ 90 ሚሊግራም ድረስ በ250 ሚሊሊትር ባለ 5 ፐርሰንት ዴክስትሮዝ (የስኳር ፈሳሽ)፣ ከዚያ በላይ በ500 ይበረዛል። ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) እዚህ ቦታ የለውም። ቤንዚል አልኮል የተባለው መከላከያ ኬሚካል ያለበት ማቅጠኛም እንዲሁ፤ መስመሩ ላይ ማጣሪያም አይገባም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አስቀምጡና በ24 ሰዓት ውስጥ ስጡ። ፍሪዘር ውስጥ የገባ ብልቃጥ ግን ይጣል፤ በረዶ ከረጢቱን ሊጎዳው ይችላል።

አጀማመሩ በደቂቃ 1 ሚሊግራም ነው። 40ው በ250ው ላይ ሲጨመር 290 ሚሊሊትር ስለሚሆን፣ ፓምፑ በሰዓት 217 ሚሊሊትር ላይ ይደረጋል። 15 ደቂቃ በሰላም ካለፈ ወደ 315 ብታሳድጉት በአንድ ሰዓት ያልቃል። በመርፌ መግፋት ወይም መስመሩን በፍጥነት ማጠብ ፈጽሞ አይሞከርም። ፊት ቢቀላ፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ደረት ወይም ወገብ ቢጨንቅ፣ ግፊት ቢወርድ ወዲያው አቁሙ። ይህ ባብዛኛው በመጀመሪያው ዙር የሚመጣ ነው፤ የድንገተኛ መድኃኒቱ አልጋው አጠገብ ይሁን። ምልክቱ ከበረደ ቀስ አድርጎ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ከረጢቱ ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ስለሚቆይ ጉዳቱ ወደ ቆዳ ይዞራል። ከሁለት ሦስት ዙር በኋላ መዳፍና ውስጥ እግር ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል፤ ከኦቫሪ ታካሚዎች ግማሽ ያህሉን ያገኛል። ከኬሞው በኋላ ባሉት ቀናት ምጣድ ላይ እንጀራ መጋገር፣ ልብስ በእጅ ማሸት፣ ሙቅ ውኃና ጠባብ ጫማ ይቅርባት። ውሃ ከቋጠረ ወይም ካበጠ ቀጣዩን ዙር እስከ 2 ሳምንት አዘግዩ፤ መራመድ ካቃታት መጠኑም በ25 ፐርሰንት ይቀነሳል።

የልብ አልትራሳውንድ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይሠራል፣ በየመሃሉም ይደገማል። ሽንቷ ቀላ ሊል እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯት፤ የመድኃኒቱ ቀለም እንጂ ደም አይደለም።