«ሩት ካናል አይሰራም» ከተባላችሁ፣ ጥርሱን ከማስነቀላችሁ በፊት

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ የጥርስ ክሊኒክ ሞልቷል። «ስሩ አይሰራም፣ ይነቀል» ተብሎ የሚወጣውም ሰው ብዙ ነው። የስር ሥራ ወይም ሩት ካናል ማለት የታመመውን ነርቭ ከጥርሱ ስር ቦይ አውጥቶ፣ ቦዩን አጽድቶ መሙላት ነው። እሺ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ለምንድነው የማይሰራው?» የስሩ ቦይ ጠቦ ተዘግቶ ነው? ውስጡ መሣሪያ ተሰብሮ ቀርቶ ነው? ጥርሱ ተሰንጥቆ ነው? ወይስ ገንዘቡ ስላልሞላላችሁ ነው? የእያንዳንዱ መፍትሄ ለየቅል ነው። ራጁንም አሳዩኝ በሉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

ቀዝቃዛ ሲነካው ጠቅ ያደርጋል፣ ወዲያው ይለቃል

ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም። ብዙ ጊዜ የተበላው ተጠርጎ ቢሞላ ይበቃዋል፣ ሩት ካናል ከነጭራሹ አያስፈልገውም። ብቻ አታቆዩት።

ትኩስ ቡና ሲነካው ይጠዘጥዛል፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ ያስነሳል

እዚህ ነርቩ ክፉኛ ቆስሏል። ድሮ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ሩት ካናል ወይም መንቀል። አሁን ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ፐልፖቶሚ ይባላል። ለልጆች የወተት ጥርስ የቆየ ሕክምና ነው፤ ዛሬ ለአዋቂም ይሰራል።

ጥርሱ ደንዝዞ ይከፈትና የላይኛው የነርቭ ክፍል ብቻ ይወጣል። በስሩ ውስጥ ያለው በሕይወት ይቆያል። ሐኪሙ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት የራሰ ጥጥ የሚደማው ቦታ ላይ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። (በረኪና ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳትሞክሩት።) ጥጡን ሲያነሳ ደሙ ቆሞ ከሆነ የቀረው ነርቭ ሊድን ይችላል ማለት ነው። ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን በሚባል ሲሚንቶ ይከድነዋል፣ ከላይ አጥብቆ ይሞላዋል። ደሙ አልቆም ካለ ግን ቁስሉ ወደ ስር ወርዷል፣ በዚህ መንገድ አይሆንም።

ስሩ ለጠመመ፣ ቦዩ ለጠበበ ወይም ተደጋጋሚ ቀጠሮ ለማይመቸው ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ስትደውሉ «ኤምቲኤ ወይም ባዮዴንቲን አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሲሚንቶው ከሌላቸው መንገድ አታባክኑ።

እስከዚያው ነጭ ሽንኩርት መወተፍ፣ አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ፣ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ይቅርባችሁ። ድዱን ያቃጥሉታል፣ በሽታው ግን ውስጥ ነው ያለው። የሚስማማችሁን ማስታገሻ በልኩ ውሰዱ።

ሕመሙ በድንገት ጠፋ፣ ቆይቶ ድድ ላይ ብጉር ወጣ

ብዙ ሰው «ተሻለኝ» የሚለው እዚህ ጋ ነው። አልተሻለም፣ ነርቩ ሞቷል። ብጉሩ የመግል መውጫ ነው። ራጁ ላይ በስሩ ጫፍ ጠቆር ያለች ክብ ጥላ ትታያለች።

ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን መግዛት አያድነውም። የሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፣ መድኃኒቱ ወደ ምንጩ አይደርስም። እብጠቱ ይጎድላል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ነርቩ ስለሞተ ፐልፖቶሚም አይሆንም። ቦዩ ከላይ ካልተከፈተ ግን በስሩ ጫፍ በኩል መግባት ይቻላል። ድዱ ተከፍቶ ከስሩ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጥና ጫፉ ይታሸጋል። አፒኮኤክቶሚ ይሉታል። የተሰበረ መሣሪያ ወይም የማይወጣ ብረት ውስጡ ላለ ጥርስ ተገቢ ነው፣ በተለይ ለፊት ጥርስ።

የታች መንጋጋ ጥርስ ላይ አጥንቱ ወፍራም ስለሆነ፣ የከንፈር ነርቭም በቅርብ ስለሚያልፍ ያስቸግራል። እዚያ ጥርሱን በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ጫፉን ውጭ አክሞ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦታው የመመለስ ሕክምና አለ። ስትሰሙት ያስደነግጣል፤ ግን የታወቀ ሕክምና ነው። ዋናው ስጋት ሲነቀል መሰበሩ ነው። ከመንጋጋ ጥርሱ ሁለት ስሮች የተበላሸው አንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ቆርጦ ሌላውን ማትረፍ ይቻላል። የሚቀረው ስር ግን ሩት ካናል መቀበል አለበት።

ቆሎ ስትቆረጥሙ፣ በተለይ ንክሻውን ስትለቁ ጠቅ ያደርጋል

ስንጥቅ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ማልበስ ይይዘዋል። እስከ ስሩ ከወረደ ግን ልባችሁን አታድክሙ፣ መነቀሉ ይሻላል። ሐኪሙ በቀጭን መለኪያ ድዱን ዙሪያውን ሲለካ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ጥልቅ ብሎ ከገባ፣ ስሩ ለመሰንጠቁ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ጥርሱ ተሰባብሮ ከድዱ እኩል ሆኗል

ክራውን አጥብቆ እንዲይዝ ከድድ በላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ይፈልጋል። ካነሰ ድዱንና አጥንቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ ወይም ስሩን በሽቦ ቀስ በቀስ ወደ ላይ መሳብ ይቻላል።

እብጠቱ ወደ አንገት ወረደ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት አቃተ፣ ትኩሳት መጣ

የጥርሱን መትረፍ ለጊዜው ተዉት። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ኢንፌክሽን ነው፣ በተለይ መተንፈስ ከከበደ። ክሊኒክ እስኪከፈት አትጠብቁ። መሀል ከተማ ካላችሁ ጥቁር አንበሳ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።