በወንዝ ዳር ለሚኖር ቤተሰብ፦ ቢልሃርዚያን እንዴት መከላከል ይቻላል

ቢልሃርዚያ የተባለው የትል በሽታ የወንዝ ውሃ በመጠጣት ይይዛል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ዋናው መግቢያው ግን ቆዳ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ውሃ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ከእንቁላሉ የወጣው እጭም (ገና ያላደገው ትል) በወንዝና በመስኖ ቦይ ዳር በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ለሳምንታት ከተራባ በኋላ ወደ ውሃው ተመልሶ የሚታጠበውን፣ የሚዋኘውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ወንዙን ፈጽሞ መራቅ ለገበሬ ቤተሰብ የማይቻል በመሆኑ፣ ይበልጥ የሚያዋጣው ወደ ውሃው መሄድን ትቶ ውሃውን ወደ ቤት ማምጣት ነው። ቀጂው እግሩን ሳያስገባ ከድንጋይ ላይ ሆኖ ይቅዳ፤ ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይገባም በጨርቅ ያጥልለው። እጮቹ ሰው ሳያገኙ ከሁለት ቀን በላይ ስለማይቆዩ፣ የተቀዳው ውሃ ተከድኖ 48 ሰዓት ከቆየ በኋላ ለገላና ለልብስ ማጠቢያ ሊውል ይችላል፤ የቸኮለ ሰው ያፍላው። ለመጠጥ ግን ማቆየቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎች ተሕዋስያን ስላሉ መፍላት ይኖርበታል።

መሻገር ግድ ከሆነ ቦቲ ጫማ ይረዳል። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ በምትበረታበት፣ በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ልጆች መዋኘት የሚወዱትም ያኔውኑ መሆኑ ነው ችግሩ።

ቀንድ አውጣዎቹን በእንዶድ ስለ መግደል መጠየቅ የተለመደ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አግኝተዋል። ሆኖም እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ ያለ ባለሙያ ምክር በራስ ፈቃድ ወንዝ ውስጥ መጨመር አይገባም። መጸዳጃ ቤት ቆፍሮ በአግባቡ መጠቀም ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም፣ በታችኛው አዋሽና በታችኛው ዋቢ ሸበሌ አካባቢ እንደሚታየው፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ሲኖር ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን የአዋቂን ፍሬ ገምቶ ለልጅ መስጠት ስሕተት ነው። ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይመረጣል። ገና ያላደጉ ትሎችን አጥርቶ ስለማይገድል፣ በቅርብ ሳምንታት ወንዝ ውስጥ የገባ ሰው ይህን ለባለሙያው ይንገር፤ ድጋሚ መውሰድ ሊያስፈልገው ይችላልና። ክኒኑን የዋጠ ልጅ በማግስቱ ወንዝ ከገባ እንደ አዲስ ሊያዝ ይችላል።