ምጽዋ የቀረ የጎጃም ባሕረኛ፦ ታሪኩን እንዴት እንመዝግብ?

በደርግ ዘመን ከጎጃም ወጥቶ ባሕር ኃይል የገባ፣ በዚያው የቀረ ወንድም ወይም አጎት ካላችሁ ታሪኩን ዘንድሮ ጻፉት። ወላጆች እያለፉ ነው።

እናቱን «መቼ ሞተ?» አትበሏቸው። «እማማ፣ መርዶው መቼ ደረሰ? ማን አረዳችሁ?» በሏቸው። ብዙው ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ቤተሰቡ ሙት ዓመት ብሎ የያዘው ቀን መርዶ የሰማበት ሊሆን ይችላል፤ ሞቱ ከዚያ ብዙ ወራት ይቀድማል። ሁለቱን ቀኖች ለየብቻ ጻፉ። የሞተበት ካልታወቀ ቦታው ባዶ ይቆይ፤ በግምት አትሙሉት።

ዓመቱ ከጠፋቸው በድርጊት አስታውሷቸው። የተወለደው ከ1960ው የጎጃም የግብር አመፅ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ቤት ነበር ወይስ ተቀጥሮ ሄዷል? የመጨረሻው ደብዳቤስ ከግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ነው? ሻዕቢያ ምጽዋን ያጠቃው የካቲት 1 ቀን 1982 ነው፤ ከተማዋም በዚያው ወር ተያዘች። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ካለ አሰብን ወይም ዳህላክን አስቡ። «ኢትዮጵያ» በተባለችው መርከብ ላይ ነበር ከተባለ ደግሞ እሷ በ1983 ወደ የመን እንደወጣች ያዙ።

በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካገኛችሁ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም ዋዜማ 8፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት ቀንሱ።

ከመስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉት። የቆቡን ጽሑፍና የማዕረግ ምልክቱን አጉልታችሁ እዩ፣ ጀርባው ከተገለጠ የፎቶ ቤቱን ማኅተምም። ምጽዋ ላይ ምድር ጦርም ስለነበረ «ምጽዋ ሞተ» የተባለ ሁሉ ባሕረኛ አይደለም።

የትውልድ ቦታውን በያኔው አውራጃ ጻፉ፦ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት፣ አገው ምድር። የዛሬውን ዞንና ወረዳ ከጎኑ አኑሩ፤ የድሮ ሰነድ የሚፈለገው በድሮው ስም ነው። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ የክርስትና ስሙንም ለብቻ ያዙ፤ ቤተ ክርስቲያን የምታስበው በሁለተኛው ነውና።

በለቅሶው የተገጠመ ሙሾ ካለ አልቃሿ እንዳለችው ቅዱት፣ ቃሉን አታርሙ። የጓደኛ ስም፣ የወደብ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ውዳሴውን ግን ለማስረጃ አትቁጠሩት።