ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶችን በካርታ መቁጠር፦ የአዲስ አበባን የጎርፍ ስጋት በክፍት ዳታ እንዴት እናጠናለን?

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀበና ወይም ግንፍሌ ዳር ያደረ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ሰፈሩ ላይ ጠብ ሳይል እንጦጦ ላይ ከዘነበ፣ ወንዙ በውድቅት ሌሊት ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው፤ ዝናቡ በአመዛኙ የወረደው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር።

ዛሬ የምንሠራው አንድ ካርታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወንዝ ቢሞላ ውሃ ሊደርስባቸው የሚችሉ ቤቶች የት የት እንደሚበዙ ያሳያል፤ በስልክ ተከፍቶ እየተነካካ የሚታይ ይሆናል። የሚያስፈልገው ደህና ላፕቶፕ፣ ጥቂት ጊጋባይት ኢንተርኔትና ሁለት ቅዳሜ ነው። ዳታውም ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል።

መጀመሪያ ጥያቄውን ማጥበብ

«የአዲስ አበባ ጎርፍ» ሲባል ብዙ ነገር ተደባልቆ ነው የሚወራው። አስፋልት ላይ ተኝቶ መኪና የሚያቆመው ውሃ ብዙውን ጊዜ በፌስታልና በአፈር የተደፈነ ቱቦ ያመጣው ነው። የቱቦዎቹ መስመር ደግሞ በክፍት ዳታ፣ ማለትም ማንም በነፃ አውርዶ በሚጠቀምበት ዳታ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የወንዞቹ ግን አለ። ስለዚህ በእጃችን ባለው የሚመለሰውን ብቻ እንጠይቅ፦ ከወንዝ በ50 ሜትር ውስጥ ያሉ፣ ከወንዙም በከፍታ ከ5 ሜትር የማይበልጡ ቤቶች የት ይበዛሉ?

ሁለቱን ቁጥሮች የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ከሕግ ወይም ከደንብ የመጡ አይደሉም። ኋላ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረግን እንፈትናቸዋለን። ከፍታውን ለምን እንደጨመርኩ ግን አሁኑኑ መናገር አለብኝ፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር አካባቢ። ወንዞቹ በላይኛው ከተማ ጥልቅ ገደል እየቆፈሩ ይወርዱና ወደ አቃቂ ሲቃረቡ ሜዳ ላይ ይዘረጋሉ። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤት ከወንዙ 20 ሜትር ብቻ ርቆ ውሃ ላይነካው ይችላል (አፋፉ ካልተናደ፤ እሱ የራሱ ጣጣ ነው)። አቃቂ ሜዳ ላይ ግን 80 ሜትር የራቀው ቤት ደጃፉ ድረስ ውሃ ይመጣበታል። ርቀትን ብቻ የለካ ካርታ የመጀመሪያውን አስፈራርቶ ሁለተኛውን ያዘናጋል። (ሁለተኛውን ለመያዝ ርቀቱን ኋላ ላይ እስከ 100 ሜትር እናሰፋዋለን።)

አራት ዳታ ማውረድ

ወንዞቹን የምናገኘው ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚስሉት የዓለም ካርታ ነው። ከዚህ ካርታ ዳታ የሚወጣበትን ኦቨርፓስ ተርቦ የሚባል ድረ ገጽ ይክፈቱ፣ አዲስ አበባን ፈልገው ካርታውን ከከተማዋ ትንሽ ሰፋ አድርገው ያስቀምጡ፣ ከዚያ «ዊዛርድ» የሚለውን ተጭነው በእንግሊዝኛ ፊደል «ዋተርዌይ=ሪቨር ኦር ዋተርዌይ=ስትሪም» ብለው ያስገቡ። የወጣውን በጂኦጄሰን (የካርታ ዳታ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ። ሰፋ አድርጉ ያልኩት ከእንጦጦ በኩልና ከአቃቂ በኩል መስመሩ እንዳይቆረጥ ነው።

ቤቶቹ የሚመጡት ጉግል ከሳተላይት ምስል ላይ በማሽን ለይቶ ካወጣው «ኦፕን ቢልዲንግስ» ነው። ሥራው የተጀመረው ከአፍሪካ ሲሆን ሦስተኛው ዕትም እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል። ለእያንዳንዱ ሕንፃ የመሐል ነጥቡን፣ ስፋቱን በካሬ ሜትርና ማሽኑ «ይሄ በርግጥ ሕንፃ ነው» ያለበትን የእርግጠኝነት መጠን ይሰጣል፤ መጠኑ ከ0.65 እስከ 1 ነው። እኔ ከ0.7 በታች ያለውን እጥላለሁ።

ስለዚህ ዳታ ሁለት ነገር ይያዙልኝ። አንደኛ፣ ሕንፃ ማለት ቤተሰብ ማለት አይደለም። የድሮ ሰፈር ውስጥ የቀበሌ ቤቶች ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተያይዞ ነው ያለው፤ ማሽኑ አንድ ጣሪያ ብሎ የቆጠረው ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ሰው» ብለው አይጻፉ፤ «ይህን ያህል ሕንፃ» ይበሉ። ሁለተኛ፣ ከ2023 ወዲህ በኮሪደርና በወንዝ ዳር ልማት የፈረሰው ብዙ ነው። ዳታው ውስጥ ያለ ጣሪያ ዛሬ ሣር የተተከለበት መናፈሻ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከኋላ የቅርብ ጊዜ የሳተላይት ምስል ዘርግተው ወንዞቹን ከላይ እስከ ታች በዓይንዎ ይከተሉ፤ ፈርሷል ያሉትን ምልክት ያድርጉበት። አሰልቺ ነው፣ ግን አይዝለሉት።

ከፍታውን ኮፐርኒከስ ከሚባለው የአውሮፓ የመሬት ቅኝት ፕሮግራም የ30 ሜትር ዳታ ያግኙ፤ ኦፕን ቶፖግራፊ ላይ ተመዝግቦ ማውረድ ይቻላል። የክፍለ ከተማ ድንበር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በሚያስተዳድረው የሰብዓዊ ዳታ መለዋወጫ ላይ አለ። እሱን ሲከፍቱ መጀመሪያ ይቁጠሩ። 11 ካልሆኑና ለሚ ኩራ ከሌለች ድንበሩ የድሮ ነው።

ኪውጂአይኤስ ላይ መሥራት

ኪውጂአይኤስ ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ነው። ሲያወርዱ አዲሱን ትተው ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትም ይምረጡ፤ ለጀማሪ የሚሻለው የማይናወጠው ነው። አራቱንም ፋይሎች ወደ ውስጥ ይጎትቱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የወረደው ዳታ የሚለካው በዲግሪ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ሜትር ነው። ሳይለውጡ «50» ብለው ቢጽፉ ሶፍትዌሩ 50 ዲግሪ ብሎ ይወስደውና ከኬፕታውን እስከ ሙምባይ የዋጠ ክብ ይሠራልዎታል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ሠርቼዋለሁ። ላፕቶፑ ተንቀራፎ ቆይቶ መላ አፍሪካን ጎርፍ ዳር አደረጋት። መፍትሔው ሦስቱን የመስመር፣ የነጥብና የድንበር ፋይሎች አዲስ አበባ ወዳለችበት በሜትር የሚለካ የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (በሶፍትዌሩ ውስጥ ኮዱ ኢፒኤስጂ 32637 ነው) መቀየር ነው። ትእዛዙ «ሪፕሮጀክት ሌየር» ይባላል። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» የሚል ሌላ ትእዛዝም አለ፤ እሱን አይንኩ። እሱ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይረው፤ የዘይት ጠርሙስ ላይ «ማር» ብሎ እንደመለጠፍ ነው።

ቀጥሎ ወንዞቹን ያጽዱ። አንዱ ወንዝ በብዙ ቁራጭ ይመጣል፣ አንዱ ቁራጭ ላይ ስሙ በአማርኛ፣ ሌላው ላይ በእንግሊዝኛ፣ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ስም የለም። ለርቀት ልኬት ስም አያስፈልግም፤ በኋላ በካርታው ላይ ለሚያነብ ሰው ግን ያስፈልጋል፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይምረጡ። ሳተላይቱ ላይ የሚታይ ወንዝ ዳታው ውስጥ ከሌለ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ገብተው ራስዎ ይሳሉት። ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ይተርፋል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል። «ጆይን አትሪቢውትስ ባይ ኒረስት» የሚለውን መሣሪያ ይክፈቱ፤ መነሻው የሕንፃዎቹ የመሐል ነጥብ፣ መድረሻው ወንዞቹ ይሁኑ። የርቀት ጣሪያውን 150 ሜትር ላይ ይገድቡት፣ አለበለዚያ ሻይ አፍልተው ጠጥተው ይመለሳሉ። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት ነገር ይጨምራል፦ እስከ ወንዙ ያለውን ርቀትና ወንዙ ላይ ያለውን የቅርብ ነጥብ አድራሻ። ብዙ ሰው ርቀቱን ወስዶ አድራሻውን ይረሳዋል። እኛ ግን ከዚያ አድራሻ «ክሪየት ፖይንትስ ሌየር ፍሮም ቴብል» በሚለው አዲስ ነጥቦች እንሠራለን፤ «ሳምፕል ራስተር ቫልዩስ» በሚለው ደግሞ ከከፍታው ዳታ የቤቱንም የወንዙንም ከፍታ እናነባለን። የቤቱ ከፍታ ሲቀነስ የወንዙ ከፍታ፣ የፈለግነው ቁጥር እሱ ነው። በመጨረሻ ርቀታቸው ከ50 የማይበልጠውን፣ የከፍታ ልዩነታቸውም ከ5 የማይበልጠውን ይምረጡ።

ቁጥሩ የወጣ ዕለት ደስ ይላል። ግን ይጠርጥሩት። የከፍታው ዳታ አንዱ ካሬ 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው፤ 10 ሜትር ስፋት ያለው የቀበና ሸለቆ እዚያ ካሬ ውስጥ ከዳርቻው ጋር ተቀላቅሎ ይለሰልሳል፣ ጥልቀቱም ያነሰ ይመስላል። የባሕር ዛፍ ጫፍና ጣሪያም እንደ መሬት ተቆጥሮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ 4.8 ያለው ቤት ተጋልጧል፣ 5.2 ያለው ድኗል ማለት ቀልድ ነው። ይልቅ ከ5 ሌላ በ3ም በ8ም ይሞክሩ፤ ርቀቱንም 30፣ 50፣ 100 ያድርጉት። ቁጥሩ መለዋወጡ አይቀርም። የሚያዩት ግን ቦታውን ነው። በሁሉም ሙከራ የተመረጡ ቤቶች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ያው ከሆኑ ውጤቱን መያዝ ይቻላል። ቁጥር በቀየሩ ቁጥር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚዘል ከሆነ ግን ካርታው የሚናገረው ስለ ወንዙ አይደለም።

በክፍለ ከተማ አይቁጠሩ

ብዙ ሪፖርት በክፍለ ከተማ ይቆጥራል። ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። ቦሌን የሚያህል ቦታ አንድ ቀለም ሲቀባ ወንዝ ዳር ያለው ጥቂት መንደር ይጠፋል። «ክሪየት ግሪድ» በሚለው ከተማዋን በ250 ሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን ቀፎ ይሸፍኑና «ካውንት ፖይንትስ ኢን ፖሊጎን» በሚለው በእያንዳንዱ ቀፎ ውስጥ ያሉትን ይቁጠሩ። የክፍለ ከተማውን ድንበር ከላይ በቀጭን መስመር ይተዉት፣ አንባቢ የት እንዳለ እንዲያውቅ ያህል።

ሰው የሚከፍተው ካርታ

ዩማፕ ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው የተሠራ ነፃ መድረክ ነው። ቀፎዎቹን ወደ ጂኦጄሰን ሲያወጡ ወደ ዲግሪው፣ ማለትም ወደ ኢፒኤስጂ 4326 ይመልሷቸው፤ የድረ ገጽ ካርታዎች የሚያነቡት እሱን ነው። ዜሮ የሆኑትን ቀፎዎች ይሰርዙ። አንባቢዎ ካርድ ሞልቶ በስልኩ ነው የሚከፍተው፣ ፋይሉ ከአንድ ሁለት ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል።

ቀለሙ ከቢጫ ወደ ጥቁር ቡናማ እየጠቆረ ይሂድ፣ አራት ደረጃ ይበቃል። ቀይ አልወድም፤ የሰው ቤት ላይ ቀይ ሲቀባ «ይፈርሳል» ተብሎ ነው የሚነበበው። ቀፎው ሲነካ የሚወጣው ጽሑፍ በአማርኛ ይሁን፤ የሰፈሩን ስምና ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይያዝ። የእኛ ሰው አድራሻ የሚያውቀው በመንገድ ቁጥር አይደለም፤ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ቀበና ድልድይ፣ የእገሌ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ብሎ ነው።

የቤቶቹን ነጥብ ለሕዝብ አይልቀቁ። ኮምፒውተርዎ ላይ ይቅር። ገምቶ የሠራው ሰው ግምት መሆኑን ያውቃል፣ የቤቱን ነጥብ ያየ ገዢ፣ አከራይ ወይም የወረዳ ሠራተኛ ግን እንደ ፍርድ ሊወስደው ይችላል። ቀፎው ለሚፈለገው ጥያቄ በቂ ነው። ከካርታው ግርጌ የኦፕንስትሪትማፕ አበርካቾችንና የጉግልን ዳታ መጠቀምዎን ይጻፉ፤ ፈቃዱ የሚያስገድደው ነው። አጠገቡም «እስከ 2015 ዓ.ም. የነበሩ ሕንፃዎች» የሚል ይጨመር።

ሄዶ ማየት

ካርታው ከመለቀቁ በፊት 20 ቀፎ ይምረጡ። 10 ከጠቆሩት፣ 10 ደግሞ ወንዝ አጠገብ ሆነው ከነጡት (ቢጫ ከሆኑት ወይም ዜሮ ስለሆኑ ከሰረዝናቸው)። ሰው ሁሉ ወደ ጠቆረው ብቻ ይሄድና «ይኸው፣ ጎርፍ አለ፣ ልክ ነበርኩ» ብሎ ይመለሳል። ካርታው ያልያዘው ጎርፍ ያለው ግን በነጣው በኩል ነው። መልሱን ለመመዝገብ ኮቦ ቱልቦክስ ጥሩ ነው፤ ቅጹን በአማርኛ ማዘጋጀት ይቻላል፣ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል።

አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። ወረቀት ወይም ስልክ ይዘው በር አንኳኩተው «ቤትዎ ጎርፍ ገብቶበት ያውቃል?» ካሉ፣ ከወረዳ የመጡ ይመስላል፤ ሊያስነሱን ነው ብሎ የሰጋ ሰው «ኧረ በጭራሽ!» ይላል። ሱቅ ላለው ወይም በረንዳ ላይ ለተቀመጡ እናት ሰላምታ ሰጥተው፣ «እማማ፣ የዚህ ሰፈር ውሃ ክረምት ላይ እስከየት ነው የሚመጣው?» ብለው ይጠይቁ። በአብዛኛው በቃል አይመልሱም፣ በእጅ ያሳዩዎታል። ያሳዩዎትን ግድግዳ ፈቅደውልዎ ጠጋ ብለው ይዩት፤ የጭቃው መስመር ካለ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ይለኩና ዓመቱን ጠይቀው ይመዝግቡ። 5 ያልነውን ቁጥር የሚተካው ይሄ ልኬት በቤቱና በወንዙ የከፍታ ልዩነት ላይ ሲደመር ነው።