አሮጌ ባለ ዲስክ ስልክ ሲታደስ በሽቦ ሥራው ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ፣ በተለይ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠሩት ቤቶች በሚበዙበት የፒያሳ አካባቢ፣ ቁጥሩ በጣት እየተሽከረከረ የሚደወልበትን ጥቁር የባክላይት ስልክ ከአያት ከወረሰው ዕቃ መካከል የሚያገኝ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱም ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ሻጮች ገዝቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። እንዲህ ያለው ስልክ ለእድሳት ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት፣ ሁለት ሦስት ሽቦ ነቅሎና ሳይጨርስ መልሶ ዘግቶት ይገኛል። ስለዚህ ጠጋኙ ከዕድሜ የመጣውን ብልሽትና ከቀድሞው ጠጋኝ የወረሰውን ብልሽት ለይቶ ማየት ይኖርበታል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች በአብዛኛው ሁለተኛውን ዓይነት ብልሽት የሚፈጥሩ ናቸው።

መስመሩን ሳይለኩ ስልኩን መክፈት

ስልኩ ድምፅ አልባ ሲሆን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ካቻቢቴ ነው፤ ነገር ግን መቅደም ያለበት መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ነው። በመዳብ መስመር ላይ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 48 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ጅረት ሊኖር ይገባል፤ እጀታው ሲነሣ ይህ ቮልቴጅ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ቮልት ወዳለው መጠን ይወርዳል። ቮልቴጁ ጨርሶ ከሌለ ችግሩ ከስልኩ ውጭ ነው። ሲነሣ ምንም ካልወረደ ደግሞ እጀታው የሚያርፍበት የመንጠቆው መገናኛ አልገጠመም፣ አለዚያም አንዱ ሽቦ ተቆርጧል ማለት ነው። በክረምት ከግድግዳው ውጭ በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ የቀረ ቅጥያ ውኃ ስለሚያስገባ የሚንጫጫ ድምፅ ይፈጥራል፤ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ስልክ ተሰክቶ ጫጫታው ካልጠፋ አሮጌውን ስልክ መፍታት ከንቱ ድካም ነው። ጥሪ በሚገባበት ጊዜ መስመሩ ላይ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ጅረት ስለሚመጣ፣ ስልኩ ከመስመር ሳይነቀል ባዶ ሽቦ በእጅ መንካት አይገባም። መብረቅ በሚበዛባቸው የሐምሌና የነሐሴ ከሰዓቶችም ሥራውን ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል።

ሳይሥሉ ሽቦ መንቀል

ዛሬ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ስላለው ይህ ስህተት ይቅርታ የሚደረግለት አይደለም። ከፎቶው በተጨማሪ እያንዳንዱ ሽቦ ከየትኛው ብሎን ሥር እንደወጣ በወረቀት ላይ መሣልና በሽቦው ላይ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት ማሰር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በጥጥ ክር የተለበዱት አሮጌ ሽቦዎች ቀለማቸው ጠፍቶ በፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ሆነው ይታያሉ። የመጀመሪያውን ቀለም ለማወቅ ብርሃን ያልደረሰበትን ቦታ፣ ማለትም ገመዱን አጥብቆ የሚይዘው ቆርቆሮ የተጫነበትን ክፍል፣ ገልጦ ማየት ይረዳል፤ እዚያ ቀዩም አረንጓዴውም ሳይደበዝዝ ይገኛል። ይሁን እንጂ የቀለም ሥርዓቱ ከአምራች አምራች ይለያያል። የአሜሪካኑ ዌስተርን ኤሌክትሪክ ቀዩንና አረንጓዴውን ለመስመር፣ ቢጫውን ለደወል ይጠቀምባቸዋል፤ ይህን ወስዶ በኤሪክሰን ወይም በሲመንስ ስልክ ላይ መተርጎም ግን ያሳስታል። ቀለሙን ከማመን የሽቦውን ሁለት ጫፍ በመልቲሜትር መከተል የተሻለ ነው።

የሽቦው ልባስ ጎማ ከሆነ ደግሞ ደርቆ ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እንዲህ ያለውን ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ መፈተሽ ጤነኛውን ክፍል ጭምር ወደ ሾርት ይለውጠዋል፤ ቦታው ላይ እንዳለ ቀጭን ቱቦ ማልበስ ወይም መተካት ነው።

የእጀታውን ገመድ በካውያ መበየድ

ከሁሉም በላይ ዕቃ የሚያበላሸው ይህ ይመስለኛል። ድምፁ ሲቆራረጥ ገመዱ ወደ እጀታው በሚገባበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ማጠፍ በቂ ነው፤ እዚያው ላይ ሲታጠፍ ድምፁ ከመጣና ከሄደ ስብራቱ ታውቋል። ጠጋኙ ታዲያ ገመዱን ቆርጦ ጫፉን ይልጣል፤ የሚያገኘውም እንደ ሌላው ሽቦ ድፍን መዳብ ሳይሆን፣ በክር ላይ እንደ ጥበብ ጥለት የተጠመጠመ ስስ የብረት ጥብጣብ ነው። ይህ የተሠራው ሺህ ጊዜ ታጥፎ እንዳይሰበር ነው። ካውያ ሲነካው ውስጡ ያለው ክር ይቃጠላል፣ ጥብጣቡም ብየዳውን በደንብ አይቀበልም፤ ለጊዜው የያዘ ቢመስልም ብየዳው ባበቃበት ጠርዝ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሰበራል። ትክክለኛው መንገድ የተላጠውን ጫፍ ወደ ኋላ አጥፎ፣ በስስ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በሚጨመቅ የብረት ጫፍ ውስጥ በፒንሳ ማጥበቅ ነው። ገመዱን የሚይዘውን የክር ቋጠሮም ቀድሞ በነበረበት ቦታ መመለስ አይዘነጋ፤ ቋጠሮው ከሌለ እጀታው በተነሣ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ በዚያ ስስ ጥብጣብ ላይ ይወድቃል።

ደወሉ ዝም ሲል ደወሉን መክሰስ

ደወሉ ራሱ እምብዛም አይበላሽም። የደወሉ ጥቅል ሽቦ ከካፓሲተር ጋር በተከታታይ የተያያዘ ሲሆን፣ ካፓሲተሩ ቀጥተኛውን ጅረት ያግድና የጥሪውን ተለዋዋጭ ጅረት ብቻ ያሳልፋል። ጥቅሉ ሲለካ እንደ ስልኩ ዓይነት ከ1000 እስከ 4000 ኦም አካባቢ ካሳየ ደኅና ነው። በአሮጌ ስልኮች ውስጥ ያለው የወረቀት ካፓሲተር ግን እርጥበት ሲገባው ጅረት ያሳልፋል፤ መስመሩም ስልኩ እንደተነሣ ስለሚቆጥረው ለሚደውል ሰው ሁልጊዜ የተያዘ ይሆናል። የሚተካው ካፓሲተር ፕላስና ማይነስ የሌለው፣ 250 ቮልት የሚችልና መጠኑ ከቀድሞው ጋር የሚመሳሰል መሆን አለበት። በብዙዎቹ ስልኮች ይህ መጠን ከ0.47 እስከ 2 ማይክሮፋራድ ነው።

ሌላው ምክንያት ስልኩ የመጣበት ታሪክ ነው። ቀድሞ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ደንበኞች ይያያዙ ስለነበር የአንዳንዱ ስልክ ደወል በአንድ ሽቦና በመሬት መካከል ተገጥሟል። እንዲህ ያለው ስልክ ዛሬ በሁለት ሽቦ ሲያያዝ ይነጋገራል እንጂ አይጮኽም፤ መፍትሔውም ለመሬት የተዘጋጀውን ሽቦ ወደ ሁለተኛው የመስመር ብሎን ማዛወር ብቻ ነው። ቁጥር በሚመታበት ጊዜ ደወሉ ቲን ቲን የሚል ከሆነ ደግሞ ሁለቱን የመስመር ሽቦዎች ማቀያየር ወይም የመዶሻውን ሞላ ትንሽ ማጠንከር ይበቃል።

የዲስኩን መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ

ከዲስኩ ጀርባ ሁለት ዓይነት የሞላ ስብስብ አለ። አንደኛው በዕረፍት ጊዜ የተዘጋ ሲሆን፣ ዲስኩ ወደ ቦታው በሚመለስበት ጊዜ በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ እየተከፈተ መስመሩን ይቆርጣል። እያንዳንዱ መቆረጥ ምት ይባላል፤ ለ1 አንድ ጊዜ፣ ለ0 አሥር ጊዜ ማለት ነው። ሁለተኛው ዲስኩ ከዕረፍቱ እንደተነቃነቀ ማዳመጫውን ሾርት አድርጎ ጠቅታው ጆሮ እንዳይመታ ይከላከላል። የእነዚህ መገናኛዎች ጫፍ ከብር ወይም ከሌላ ውድ ብረት የተሠራ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት ያን ስስ ጫፍ ይበላዋል። ጠንከር ያለ ንጹሕ ወረቀት በሁለቱ መካከል አስገብቶ ቀስ ብሎ መሳብ በቂ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ጥቁር መስመር መቅረት እስኪያቆም ድረስ ይደጋገማል። ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ መርጨትም ያው ጥፋት ነው፤ ዘይቱ ወደ መገናኛዎቹ ወርዶ አቧራ ይሰበስባል።

ሁለተኛው የሞላ ስብስብ ተጣምሞ ሁልጊዜ ከተዘጋ ማዳመጫው ፈጽሞ ድምፅ አይሰጥም፤ ይህን ያላወቀ ጠጋኝ ጤነኛ ማዳመጫ ይለውጣል። ቁጥሩ እየተሳሳተ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ሽቦ ከመንካት በፊት የዲስኩን ፍጥነት መመልከት ይገባል። ለስዊድን አገልግሎት የተሠሩ ስልኮች ላይ 0 ከ1 በፊት ስለሚመጣና አንድ ምት ብቻ ስለሚሰጥ፣ የእያንዳንዱ ቁጥር ምት ከተለመደው በአንድ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ የሚጠገን ነገር የለም።

የመስመሩን ባሕርይ የስልኩ ብልሽት ማድረግ

ዛሬ ስልክ የሚሰካበት የፋይበር ሞደም ብዙ ጊዜ በምት የሚላክ ቁጥር አይቀበልም። እጀታው ሲነሣ የመደወያው ድምፅ ይሰማል፣ ዲስኩ ግን ቢዞርም ድምፁ አይቋረጥም። መንጠቆውን በፍጥነት በጣት እየመቱ ቁጥር ለመላክ መሞከር ይቻላል፤ በዚህም ካልተቋረጠ ዲስኩ አልጠፋም። የሚያስፈልገው ምቱን ወደ ቃና፣ ማለትም ባለ ቁልፍ ስልክ ቁጥር ሲነካ ወደሚልከው ድምፅ፣ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ ነው። ደወሉም በሞደም ላይ ደከም ብሎ ቢጮህ፣ ሞደሙ የሚሰጠው ጉልበት ለከባድ አሮጌ ደወል ስለማይበቃው ሊሆን ይችላል።

ማይኩንና ማዳመጫውን ማቀያየር

አራት ሽቦ ሲወጣ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ መገመት ቀላል ይመስላል። የካርቦን ማይክ ያለ ቀጥተኛ ጅረት አይሠራም፤ በማዳመጫው ውስጥ ያ ጅረት በተሳሳተ አቅጣጫ ሲያልፍ ግን ቋሚ ማግኔቱ ሊዳከም ይችላል። የማይኩ ድምፅ ሲደክም ከመለወጥ በፊት ክዳኑን ፈትቶ ካፕሱሉን፣ ማለትም የካርቦን ፍሬዎቹን የያዘውን ክብ ክፍል፣ ማውጣት፣ ከሥሩ ያሉትን አረንጓዴ የለበሱ ሞላዎች ማጽዳት፣ ካፕሱሉንም በመዳፍ ላይ ቀስ ብሎ መምታት ይጠቅማል፤ ለዓመታት ተኝተው የተጣበቁት የካርቦን ፍሬዎች ይላቀቃሉ።

በጎኑ ማዞሪያ ያለውን ስልክ እንደ ባለ ዲስኩ መቁጠር

ይህኛው ሌላ ዓይነት ስልክ ነው። ማዞሪያው ሲዞር በውስጡ ያለው ማግኔት የደወል ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ለንግግሩ ደግሞ የራሱን ባትሪ ይፈልጋል። ሁለት እንዲህ ያሉ ስልኮች በሁለት ሽቦ ተገናኝተው ከክፍል ወደ ክፍል በደንብ ያነጋግራሉ። ከሞደም ጋር በተያያዘበት ሰዓት ግን ማዞሪያውን መንካት የሞደሙን የስልክ መሰኪያ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ልጆች በሚደርሱበት ቤት ውስጥ የማዞሪያው ሽቦ ከውስጥ ተነቅሎና ጫፉ በናስትሮ ተሸፍኖ ቢቀመጥ ይመረጣል።