በጅማ ዝናብ የሚጸና ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ ትንሽ ቦታ እያላቸው የብሎኬትና የሲሚንቶ ዋጋ አስፈርቷቸው ኪራይ የሚከፍሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። 5 በ4 ሜትር ሆኖ መሃሉ የተከፈለ ጭቃ ቤት ለትንሽ ቤተሰብ ጥሩ መነሻ ነው። እንጨቱም፣ አፈሩም፣ ጭዱም ከቅርብ ይገኛል።

"ጭቃ ቤት አይበረክትም" ሲባል እሰማለሁ። የማይበረክተው ውሃ የሚያገኘው ጭቃ ቤት ነው። ከሥር እርጥበት ይወጣበታል፣ ከጎን ዝናብ ይመታዋል፣ ምስጥ ደግሞ እንጨቱን ይበላዋል። ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ መሠረቱና ጣሪያው ላይ አውሉት። ግድግዳው ብዙ ብር አይፈልግም። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን ማዘጋጃ ቤት ሂዱና በሰፈራችሁ ምን ዓይነት ቤት መሥራት እንደሚፈቀድ ጠይቁ። እንጨት ከተገዛ በኋላ "አይቻልም" መባል ከባድ ነው።

ጊዜውን ከዝናቡ ጋር አስተካክሉ

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለጭቃ ሥራ የሚመቹት ወራት ጥቂት ናቸው። መሠረቱን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጀምሩ። ኅዳር ላይ እንጨቱ ይቁም፣ ጣሪያው ይመታ። ምርጊቱ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይሁን፣ ልስኑ የካቲት ላይ። በዚያ ወቅት ጤፍ ስለሚወቃ አዲስ ጭድም ይገኛል።

ባህር ዛፉን ቀደም ብላችሁ ግዙት። ቅርፊቱን ላጡት፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። እርጥብ አጣና ግድግዳ ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ የተመረገበትንም ጭቃ ይሰነጥቀዋል።

መሠረቱ

ጠንካራ አፈር እስክታገኙ ቆፍሩ። በቀዩ አፈር ላይ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቦታችሁ ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ወደ ቦዬ ረግረግ ዝቅ ያለ፣ አፈሩም ጥቁር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። እዚያ ላይ ልምድ ያለው ግንበኛ ሳያማክሩ መጀመር አይገባም።

የድንጋይ ግንቡ ከመሬት በላይ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ መሬት ነክቶ ሲረጭ የሚያርፈው ድንጋዩ ላይ ይሆናል፣ ጭቃው ላይ አይደርስም።

የተለመደው አሠራር ቋሚውን መሬት ውስጥ መቅበር ነው። እኔ አልመክርም። ምስጥ ባለበት አገር እንጨት መቅበር ምስጥ መቀለብ ነው። አንዳንዶች የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ መርዙን አፈሩ ውስጥ ይተወዋል፣ ምስጡንም ለዘለቄታው አያቆመውም። ይልቅ ግንቡ ሲሠራ 8 ሚሊ ፌሮ በየተወሰነ ርቀት አስቀብሩ። ግንቡ ላይ አግዳሚ እንጨት ይጋደም፤ ፌሮው ይያዘው። ቋሚዎቹ ከዚያ ላይ ይነሡ።

አንድ ነገር አደራ፦ የግንቡን ውጪ በጭቃ አትምረጉት። ምስጥ ድንጋይ መብላት ባይችልም በላዩ የአፈር መንገድ ሠርቶ ይወጣል። ድንጋዩ ገላጣ ከሆነ መንገዱ ይታያችኋል፤ በመጥረጊያ ማፍረስ ነው። ከተመረገ ግን ሳታዩት ማገሩ ጋ ይደርሳል።

እንጨትና ጣሪያ

ቋሚ ማቆምና ማገር መምታት ማንኛውም አናጢ ያውቀዋል። ቱንቢ መጠቀሙን ብቻ ተከታተሉ፤ በየማዕዘኑም ሰያፍ ደጋፊ እንጨት ይግባ። ማገሩ ከውስጥም ከውጪም ይመታ። ለበርና መስኮት አትጨነቁ፣ ጅማ የእንጨት ሠሪ ችግር የለባትም።

የጣሪያው ጥያቄ ክንፉ ነው። ብዙ ቤት ላይ ቆርቆሮው ከግድግዳው የሚወጣው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ለጭቃ ቤት 90 አድርጉት። ተዳፋቱን ሳንቆጥር 5 በ4 ለሆነ ቤት በ40 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ወደ 28 ካሬ ቆርቆሮ ይሄዳል፤ በ90 ደግሞ ወደ 39 ካሬ። ጭማሪው ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ግድግዳውን ለዓመታት የሚያኖረው እሱ ነው። ወደ ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያያችሁ ሰዎች ሰፊ በረንዳው ግድግዳውን እንዴት ከዝናብ እንደሚከልል ልብ በሉ።

አሸንዳም ይግባ። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ከዚህ ጣሪያ 390 ሊትር ያህል ውሃ ይወርዳል። ሮቶ ወይም በርሜል ካላችሁ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ታመሰግኑታላችሁ።

ጭቃው፦ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው

ቀዩን አፈር ፈልጉ። ላዩን፣ ሥርና ቅጠል ያለበትን፣ ገፋችሁ ከሥሩ ያለውን ውሰዱ። ከዚያ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱና ሲሶውን በአፈሩ፣ የቀረውን በውሃ ሙሉት። በደንብ ናጡት፤ እስከ ማግስቱ አስቀምጡት። አሸዋው ቶሎ ከታች ይቀመጣል፣ ከዚያ ደቃቁ፣ ላዩ ላይ ሸክላው። አብዛኛው ሸክላ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና አሸዋና ብዙ ጭድ ይፈልጋል። አብዛኛው አሸዋ ከሆነ አይጣበቅም፣ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ሌላ አፈር ፈልጉ።

ስንት ጭድ? ይህን ጥያቄ የጠየቅኳቸው መራጊዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ መልስ ሰጥተውኛል። ሁሉም ልክ ናቸው፣ ምክንያቱም የሁሉም አፈር ይለያያል። የሚሻለው መሞከር ነው። ለአንድ ባልዲ አፈር ግማሽ ባልዲ፣ አንድ ባልዲና አንድ ተኩል ባልዲ የጤፍ ጭድ እያደረጋችሁ ሦስት ዓይነት አቡኩ። እያንዳንዱን በአንድ ክንድ ስፋት ምረጉና እስኪደርቅ ተዉት። ያልተሰነጠቀውን፣ በጥፍር ሲጭሩት የማይረግፈውን ምረጡ። ግድግዳ ሙሉ ከመረጉ በኋላ ከማዘን ይህ ይሻላል።

ቀጥሎ ማቡካት ነው። ጉድጓድ ውስጥ አፈሩን፣ ጭዱንና ውሃውን ቀላቅላችሁ አስረግጡት፤ ጠርሙስና እሾህ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። ከዚያ በትንሹ ሁለት ሳምንት ይቡካ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ አገላብጡትና እንደገና ይረገጥ። ይሸታል፣ ጎረቤትም ያማርራል። ይሁን። ጭዱ በከፊል ሲበሰብስ ጭቃውን የሚያጣብቅ ነገር ይወጣዋል። በተቦካበት ቀን የተመረገ ጭቃ የሚረግፈው ይህ ስለሚጎድለው ነው። የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ "ዛሬውኑ እንጨርስ" የሚል ኮንትራት ተቀባይ ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ። ይልቅ ደቦ ጥሩ፤ ቡናና ምሳ ይዘጋጅ፣ ርገጣው በዘፈን ያልቃል።

የመጀመሪያው ምርጊት ሁለቱ ማገሮች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ይሙላ። ከውስጥና ከውጪ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ቢመርግ ጭቃው መሃል ላይ ይገናኛል። ይህ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ። ስንጥቁ ሁለተኛውን ምርጊት ይይዝለታል። ግን ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ሳምንታት ቢፈጅም። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ላዩ ከተደረበ ግድግዳው ውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። ሁለተኛውን ከመምረጋችሁ በፊት ግድግዳውን ውሃ ርጩት።

ሲሚንቶ ልስን አታድርጉበት

ሰዎች ገንዘብ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያስቡት ጭቃውን በሲሚንቶ መለሰን ነው። ያምራል፤ የጥቂት ጊዜ ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ ድርቅ ያለ ስለሆነ አብሮት አይሄድም። ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል፣ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። በኪራይ የኖርኩበት አንድ ቤት እንዲህ የተለሰነ ነበር። ከውጪ ደህና ይመስል ነበር፤ አንድ ክረምት ላይ ልስኑ በትልቁ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ገንፎ ሆኗል፣ ማገሩም ተበልቷል።

ለልስን በወንፊት የተነፋ ቀይ አፈር፣ ደቃቅ ጭድና ትንሽ እበት ይበቃል። ነጭ ከፈለጋችሁ ኖራ ቀቡበት። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ።

ወለሉ ድንጋይ ተደልድሎ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ ከውጪው መሬት ከፍ ይበል። ማድ ቤቱን ለብቻው ሥሩት።

ከዚያ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ቤቱን ዙሩት። የምስጥ መንገድ፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ የተላጠ ልስን ፈልጉ። ለጥገና እንዲሆን ከመጀመሪያው አፈር አንድ ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ሌላ አፈር በደንብ አይገጥምም። የተላጠውን ቦታ ጠርዙን አጽዱ፣ ውሃ ርጩት፣ የቦካ ጭቃ ምረጉበት።